«ፕሮባብሊ» ማለት «ምናልባት» ነውን?

የእንግሊዝኛን ቋንቋ የሚማር ተማሪ «ፐርሃፕስ»ን፣ «ሜይቢ»ንና «ፕሮባብሊ»ን ሦስቱንም «ምናልባት» ብሎ ሲፈታቸው አዘውትሮ ይሰማል። ለሁለቱ ፍቹ ይስማማቸዋል፤ ለሦስተኛው ግን አይስማማውም። «ፐርሃፕስ» የሚል ሰው ነገሩ ሊሆንም ላይሆንም እንደሚችል ብቻ ይናገራል። «ፕሮባብሊ» የሚል ግን የመሆኑ ነገር ካለመሆኑ እንደሚያመዝን ይመሰክራል።

ለዚህ የሚበቃ አነጋገር አማርኛችን አላጣም፤ ይኸውም «ሳይሆን አይቀርም» የሚለው ነው። ሁለት አሉታዎች ተደራርበው ወደ አዎንታ ያደላሉ።

ምሳሌውን ከፒያሳ እንውሰድ። ብሔራዊ ሎተሪ የተቋቋመው በ1954 ዓ.ም. ነው፤ ሎተሪ አዟሪም ለአራዳ መንገደኛ እንግዳ አይደለም። አንድ ሎተሪ የቆረጠ ሰው «ምናልባት ይወጣልኝ ይሆናል» ቢል ያስኬዳል። «ሳይወጣልኝ አይቀርም» ቢል ግን ወዳጆቹ ይስቁበታል፤ ዕጣው ብዙ ሺህ ሆኖ የሱ አንድ ብቻ ነውና። በክረምት ደግሞ ሰማዩ በእንጦጦ በኩል ሲጠቁር፣ ከጊዮርጊስ ቁልቁል የሚወርድ ሰው ጓደኛውን «ሳይዘንብ አይቀርም፤ ጃንጥላህን ያዝ» ይለዋል። «ምናልባት» ቢለው ጃንጥላው ከቤት በቀረ ነበር።

እንግዲህ በሦስት ደረጃ እናስቀምጠው። «ማይት» ሲባል «ሊመጣ ይችላል»፤ «ፕሮባብሊ» ሲባል «ሳይመጣ አይቀርም»፤ «ባውንድ ቱ» ሲባል «መምጣቱ አይቀርም» ነው። የኋለኞቹ ሁለቱ በአማርኛ እጅግ ይቀራረባሉ፤ ነገር ግን ፊተኛው ግምት ነው፣ ኋለኛው ቁርጥ ነው።

በቋንቋው ባለቤቶች ዘንድም ነገሩ ቀላል አይደለም። በ1951 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የአሜሪካ የስለላ ሹማምንት በዩጎዝላቪያ ላይ ወረራ ሊደርስ መቻሉን «ሲሪየስ ፖሲቢሊቲ» በሚል ቃል ጻፉ። ከመካከላቸው አንዱ የሆነው ሸርማን ኬንት በኋላ ባልደረቦቹን በቁጥር እንዲገልጹለት ቢጠይቃቸው፣ አንዱ ከመቶ 20፣ ሌላው ከመቶ 80 አስቦ ኖሯል። በቃሉ ተስማሙ እንጂ በሐሳቡ አልተስማሙም።

ከመካከላችን ነገ በችሎት የሚያስተረጉም፣ የሐኪም ቃል ለበሽተኛ የሚያስረዳ ይኖራል። «ፕሮባብሊ» የተባለውን «ምናልባት» ቢለው ምስክርነቱን ያቀለዋል፤ «መሆኑ አይቀርም» ቢለው ደግሞ ያልተባለውን ይጨምርበታል። ስለዚህ፣ ጓደኞቼ ሆይ፣ ቃሉን ከመፍታታችን በፊት ተናጋሪው ሚዛኑን ወዴት እንዳደላው እንመርምር።