በሰው ላይ መሳለቅ ዕዳ ነው

ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተሰባቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። ከዚህ በኋላ፤

ወላጆች ሆይ! ልጆች በየመንደሩና በየመድረሳው ሲጫወቱ ልብ ብላችሁ አድምጡ። አንዱ እግሩ ስለሚያነክስ በስሙ ፋንታ «አንካሳው» ይባላል። ሁለተኛው ሲናገር ምላሱ ስለሚያዝ ጓደኞቹ እንደ እርሱ እየተንተባተቡ ይስቁበታል። ሦስተኛው የቲም ነው፤ የሚቆጣለት አባት እንደሌለው ስለሚያውቁ ምሳውን ይቀሙታል። ወላጅም ይህን ሰምቶ «የልጅ ነገር ነው፤ ሲያድግ ይተወዋል» ብሎ ያልፋል። ተበዳዩ ልጅ ግን የዕለቱን ሳቅ በልቡ ይዞ ይተኛል፤ ጧትም ወደ ትምህርቱ ላለመሄድ ምክንያት ይፈልጋል።

አላህ ይህን ነገር ቀላል አላደረገውም። በ49ኛው ምዕራፍ፥ በሱረቱል ሑጁራት፥ በ11ኛው አንቀጽ ወንዶች በወንዶች፥ ሴቶችም በሴቶች ላይ እንዳይሳለቁ ከልክሏል፤ የሚሳቅባቸው ሰዎች ከሳቂዎቹ የተሻሉ ሊሆኑ እንደሚችሉም አስታውቋል። በመጥፎ ስም መጠራራትንም በዚያው አንቀጽ ከልክሏል። አቡ ዳዉድ እንደዘገቡት፥ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መዲና በገቡ ጊዜ ከበኒ ሰሊማ ሰዎች ብዙዎቹ ሁለትና ሦስት ስም ነበራቸው። እርሳቸውም አንዱን ሰው በአንደኛው ስሙ ሲጠሩት፥ ሰውየው ያን ስም እንደሚጠላው ይነገራቸው ነበር። ክልከላው የወረደው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ስለ ሰው ስም ከሰማይ ትእዛዝ ከወረደ፥ እኛ እንዴት እንንቀዋለን?

የተናቀው ከናቂው እንዴት እንደሚሻል ከዐብዱላህ ኢብኑ መስዑድ ታሪክ እንረዳለን። የዚህ ታላቅ ባልደረባ እግሮች እጅግ ቀጫጭን ነበሩ። አንድ ቀን የጥርስ መፋቂያ ሊቆርጥ ከአራክ ዛፍ ላይ ወጥቶ ሳለ ነፋሱ አወዛወዘው፤ ሰዎችም የእግሩን ቅጥነት አይተው ሳቁ። ነቢዩ የሚስቁበትን ምክንያት ጠየቋቸው። በነገሯቸውም ጊዜ እነዚያ እግሮች በሚዛን ላይ ከኡሑድ ተራራ ይልቅ እንደሚከብዱ በአላህ ምለው ነገሯቸው። ነጋዴ ወንድሞቼ ሆይ! ዓይን ያቀለለውን ሚዛን ሲያከብደው ስንት ጊዜ አይታችኋል! ልጆቻችሁም ሰውን በዓይን እንዳይመዝኑ አስተምሯቸው።

ልጅ መሳለቅን ከማን ይማራል? ብዙውን ጊዜ ከቤትና ከሱቅ ነው። አባት ተሸካሚውን በአካሉ ጉድለት ሲጠራው ልጁ ከባንኮኒው ኋላ ቆሞ ይሰማል። እናት በጎረቤቷ አለባበስ ስትቀልድ ልጅቱ ትሰማለች። በማግስቱም ያንኑ ቃል በጓደኞቻቸው ላይ ይናገሩታል። ስለዚህ የልጁን አንደበት ሊያርም የሚሻ ሰው አስቀድሞ የራሱን ይጠብቅ። አነስ ኢብኑ ማሊክ ከልጅነቱ ጀምሮ ነቢዩን 10 ዓመት ሲያገለግል አንድ ቀን እንኳ «ኡፍ» እንዳላሉት መስክሯል።

ልጁ ሰው በድሎ ሲገኝስ ምን ይደረግ? ቡኻሪ እንደዘገቡት፥ አቡ ዘር አንድን ሰው በእናቱ ምክንያት አነወረው። ተነዋሪው ከሐበሻ የሚወለደው ቢላል እንደ ነበረ የሚናገሩ ዘገባዎች አሉ። ነቢዩ አቡ ዘርን ቢወዱትም ነገሩን በዝምታ አላለፉትም፤ የጃሂሊያ ጠባይ እንዳለበት በግልጽ ነገሩት። በእጃችን ሥር ያሉ ሰዎች ወንድሞቻችን እንደ ሆኑ፥ ከምንበላው እንድናበላቸው፥ ከምንለብሰውም እንድናለብሳቸው አስተማሩ። በኋላ ዘመን አቡ ዘር በረበዛ ሲታይ እርሱና አገልጋዩ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው ነበር። ነቢዩ ጥፋቱን ነገሩት፥ የሚሠራውንም መልካም ሥራ አሳዩት፤ እርሱም ዕድሜውን ሁሉ ሠራበት።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። አስቀድማችሁ ልጁን ለብቻው ጠርታችሁ ያደረገውን በራሱ አንደበት ይንገራችሁ። በዱላ ብቻ የተቀጣ ልጅ የሚማረው ብርቱ ደካማን እንደሚመታ ነው። ቀጥሎም አብራችሁት ሂዱና ተበዳዩን ይቅርታ ይጠይቅ፤ የቀማውንም ይመልስ። ከዚያም ምሳውን እንዲያካፍለው፥ ትምህርቱንም አብሮት እንዲያጠና አድርጉት። ልጃችሁ ተበዳይ ቢሆን ደግሞ «አንተስ ለምን አልመታኸውም?» አትበሉት፤ አድምጡት፥ ጥፋቱ የእርሱ እንዳልሆነ ንገሩት፥ ወደ ኡስታዙና ወደ በዳዩ ወላጆችም በመልካም ቃል ሂዱ። ቆሞ የሚያየው ልጅም ከኃላፊነት አያመልጥም፤ ነቢዩ ወንድም በዳይም ተበዳይም ሲሆን እንዲረዳ አዘው፥ በዳዩን መርዳት ከበደሉ መከልከል መሆኑን ገልጸዋልና።

ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ የከሰረ ሰው ማን እንደ ሆነ ባልደረቦቻቸውን ጠየቁ። እነርሱም ገንዘብና ዕቃ የሌለው ነው አሉ። ነቢዩ ግን የከሰረው በትንሣኤ ቀን ሰላት፥ ጾምና ዘካ ይዞ የሚመጣ፥ ነገር ግን አንዱን የሰደበ፥ ሌላውን የመታ ሰው መሆኑን አስረዱ፤ መልካም ሥራው ለተበዳዮቹ ተከፋፍሎ ያልቃል፥ የእነርሱም ኃጢአት በእርሱ ላይ ይጫናል። ልጅ እስኪጎለምስ ድረስ ኃጢአት አይጻፍበትም፤ ልማዱ ግን አብሮት ያድጋል። ዛሬ በስልክ የተላከ ፌዝ ላኪው ተኝቶ ሳለ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ዕዳውም በዚያው ልክ ይበዛል። ለልጁ የተመላ ሱቅ አውርሶ ይህን ዕዳ መክፈል ሳያስተምረው የሚሞት አባት ምን አተረፈለት?

አላህ ሆይ! የልጆቻችንን አንደበት ከክፉ ጠብቅ፤ ልባቸውንም ለደካማ የሚራራ አድርግ። አሚን።