የባንክ አክሲዮን ከመግዛትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ ወይም በሻሸመኔ እህልና አትክልት ነግዶ ወይም ቤት አከራይቶ ጥቂት ያጠራቀመ ሰው ገንዘቡን በቁጠባ ሂሳብ ብቻ ሊያስቀምጠው አይወድም። ብሔራዊ ባንክ ያወጣው ዝቅተኛ የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነው፤ የገበያው ዋጋ ደግሞ በቅርብ ዓመታት ከዚያ ፈጥኖ ሲሮጥ አይተናል። ስለዚህ የአዋሽን፣ የኦሮሚያን፣ የኦሮሚያ ኅብረት ሥራን ወይም የገዳን አክሲዮን እያነጻጸረ «ዘንድሮ ስንት በመቶ ከፈለ?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ሁለተኛ መሆን አለበት። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ገንዘቡ ሲያስፈልግዎ አክሲዮኑን ማን እንደሚገዛዎት ነው።

ባንኩ አክሲዮንዎን ተቀብሎ ገንዘብዎን አይመልስም። በአሜሪካ ገበያ ለገቢ ሲባል የሚገዙት «ዝግ» የሚባሉት ፈንዶችም እንዲሁ ናቸው፦ ለመውጣት ድርሻን ለሌላ ሰው መሸጥ ግድ ነው፤ የሚገኘውም ዋጋ ፈንዱ ከያዘው ንብረት ዋጋ ሊያንስ ይችላል። እዚያ ግን በየቀኑ ገዢና ሻጭ የሚገናኙበት የቆየ ገበያ አለ። የእኛው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ መጀመሩ የተበሰረው ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ሲሆን ገዳ ባንክም ተከትሏል። የሚገዙት አክሲዮን እዚያ የተመዘገበ መሆኑን ይጠይቁ። ካልተመዘገበ ገዢ ፈልገው፣ ተደራድረው፣ በባንኩ መዝገብ ማዛወር የእርስዎ ሥራ ይሆናል። ባለፈው ዓመት ስንት አክሲዮን ከሰው ወደ ሰው እንደተዛወረና በስንት ብር እንደተሸጠ የአክሲዮን ክፍሉን ይጠይቁ። ታዋቂ ስም ብቻውን ገዢ አያመጣም። ኢትዮ ቴሌኮም ከጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ 100 ሚሊዮን አክሲዮን በ300 ብር አቅርቦ ነበር፤ የሽያጩ ጊዜ ተራዝሞም የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ያህል ነው።

አሁን ወደ በመቶው እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 1,000 ብር የተጻፈበትን አክሲዮን ከነባር ባለአክሲዮን በ1,600 ብር ገዙ እንበል። ባንኩ «የአንድ አክሲዮን ትርፍ 32 በመቶ» ብሎ ያስታውቃል። ይህ ከ1,000 ብሩ ላይ የተሰላ ነው፤ 320 ብር ማለት ነው። 320 ብሩም ቢሆን ሙሉውን እጅዎ አይገባም። ባንክ መጠባበቂያው ከካፒታሉ እስኪስተካከል ድረስ በየዓመቱ ከተጣራ ትርፉ ሩቡን ለሕጋዊ መጠባበቂያ ያስቀራል። 80 ብር ሲነሳ 240 ብር ይቀራል፤ ላወጡት 1,600 ብር 15 በመቶ መሆኑ ነው። ከዚያ ላይ የትርፍ ድርሻ ግብር ይቀነሳል። አዲስ አክሲዮን ከባንኩ ከገዙ ደግሞ የአገልግሎት ክፍያና ፕሪሚየም መኖሩን ይጠይቁ፤ የመጀመሪያው ዓመት ድርሻዎም ገንዘቡን ከከፈሉበት ቀን ጀምሮ የሚታሰብ መሆኑን አይርሱ። ሁለት ባንኮችን ሲያወዳድሩ ማስታወቂያቸውን ይተዉትና ለሁለቱም ይህንኑ ስሌት በወረቀት ይሥሩ።

ቀሪውን 240 ብርስ በጥሬው ይቀበላሉ? ብሔራዊ ባንክ ባንኮች የተከፈለ ካፒታላቸውን እስከ ሰኔ 2018 ዓ.ም. ድረስ 5 ቢሊዮን ብር እንዲያደርሱ አዟል። በዚህ ምክንያት ጠቅላላ ጉባኤዎች ትርፉ ተመልሶ አክሲዮን እንዲገዛበት ሲወስኑ ቆይተዋል። ለሚቆጥብ ወጣት ይህ መልካም ነው። ለጡረተኛ ወይም የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ከዚህ ለሚጠብቅ እናት ግን አይሆንም፤ ገቢው በወረቀት ላይ እያደገ ኪስ ባዶ ይሆናል። ያለፉትን ሦስት ዓመታት የጉባኤ ውሳኔዎች ጠይቀው ምን ያህሉ በጥሬ ገንዘብ እንደተከፈለ ይዩ።

ትርፉ ከየት እንደመጣም ያጣሩ። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ብር በፍጥነት ረክሷል። የውጭ ገንዘብ በብዛት የያዘ ባንክ ከዚህ ለውጥ በየዓመቱ የማይደገም ትርፍ ሊያገኝ ይችላል። በውጭ ኦዲተር በተመረመረው ሪፖርት ውስጥ ከብድር ወለድ የተገኘውን ከምንዛሪ ከተገኘው ለይተው ያንብቡ፤ የተበላሸ ብድር ምጣኔውንም እዚያው ያገኙታል። በራስዎ ማንበብ ከከበደዎ የሚያምኑት የሒሳብ ባለሙያ ያስነብቡ፤ ለዚህ የሚከፈል ገንዘብ አይቆጭም።

ለአክሲዮን ፈርመው የዋጋውን ሩብ ብቻ የሚከፍሉ ከሆነ ቀሪው የሚከፈልበትን ቀንና ካልከፈሉ የሚከተለውን በጽሑፍ ይቀበሉ። ገንዘቡንም ለወኪል በእጅ አይስጡ፤ በባንኩ ሂሳብ አስገብተው ደረሰኝና በስምዎ የወጣ የአክሲዮን ሰርተፊኬት ይያዙ፤ የቤተሰብዎም አንድ ሰው ሰነዱ የት እንዳለ ይወቅ።