ስለ እርዳታና ስለ ብልጫ ቃላት፤ በአማርኛና በእንግሊዝኛ

ሰው ለሰው የሚያደርገው እርዳታ ልዩ ልዩ ስለ ሆነ ስሙም ልዩ ልዩ ነው። ስሙን ለይቶ ያላወቀ ሰው ግን ነገሩንም ለይቶ አያውቅም፤ ብድሩን ስጦታ፥ ሽያጩንም ውለታ ይመስለዋል። በሚዛን ተፈሪ፥ በቴፒና በዙሪያው ባለው የቡና አገር የምታስተምሩ መምህራን ሆይ፥ እናንተም ማንበብ የምታውቁ የአገር ሽማግሎች፥ ይህን ትምህርት ለልጆች በምሳሌ እንድታስረዱ ከዚህ ቀጥሎ ተጽፏል።

1ኛ፤ የአገራችን ቃላት።

«ረዳ» የሚለው ቃል ከግዕዙ «ረድአ» የመጣ ነው። ረድእ፥ አርድእት፥ ረድኤት የሚባሉትም ከዚሁ ይወጣሉ። ረድእ ማለት በመምህሩ አጠገብ ሆኖ የሚያገለግልና የሚማር ነውና፥ በዚህ ቃል ውስጥ ረጂው በተረጂው ላይ ጌታ ሆኖ አይታይም። «ደገፈ» ማለት የሚያዘነብለውን እንዳይወድቅ ማቆም ነው። «አገዘ» ማለት ሌላው የጀመረውን ሥራ አብሮ መሥራት ነው። «መቋቋሚያ» ደግሞ ጎጆ ለሚወጣ ወይም ሥራ ለሚጀምር ሰው መነሻ እንዲሆነው የሚሰጥ ገንዘብ ወይም ከብት ነው።

በጉልበት መረዳዳትም የራሱ ስም አለው። ደቦ ባለ እርሻው ጎረቤቶቹን ጠርቶ፥ አብልቶና አጠጥቶ የሚያሠራበት ነው። ወንፈል ግን ቀን በቀን የሚመለስ ነው፤ ዛሬ ለእኔ የሠራህልኝን ነገ ለአንተ እሠራልሃለሁ ማለት ነው። በጅማና በከፋ ዳዶ የሚባለውም እንዲሁ በተራ የሚደረግ ሥራ ነው። መምህሩ በቤንች፥ በሸኮ፥ በመጀንግና በከፋ ቋንቋ ይህ ነገር ምን እንደሚባል ከሽማግሎች ጠይቆ ቃሉን ከአማርኛው ጎን በሰሌዳ ይጻፍ።

2ኛ፤ የእንግሊዝኛ አነጋገር።

እንግሊዝኛ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማስተማሪያ ቋንቋ ስለ ሆነ፥ ልጆች ከታችኛው ክፍል ጀምረው አነጋገሩን መለየት ይገባቸዋል። ቃል በቃል የመለሰ ሁሉ ይሳሳታልና።

እንግሊዞች «ጊቭ ሚ ኤ ሃንድ» ሲሉ ቃሉ እጅህን ስጠኝ ይላል፤ ትርጓሜው ግን አግዘኝ ማለት ነው። በእኛ አገር እጅ የሚሰጥ ተሸንፎ መሣሪያውን ያስረከበ ነው። «ሌግ አፕ» የሚሉት ደግሞ ፈረስ ላይ የሚወጣውን ሰው እግሩን ተቀብሎ ወደ ላይ ማንሣት ነው። በቀድሞ ዘመን በአገራችን አሽከር ለጌታው እርካብ ይይዝ ነበር፤ ያውም ክብር መስጠት ነው። በእንግሊዝኛ ግን ቃሉ ወደ ኋላ የቀረውን ከሌሎች ጋር እንዲተካከል ማንሣትን ያመለክታል። «ሄድ ስታርት» ከፈረስ እሽቅድምድም የመጣ ነው፤ ከባልንጀራ ቀድሞ መነሣት ማለት ነው። «ሊፍት» ማንሣት ሲሆን፥ በመንገድ የቆመ እግረኛ መኪና ሲለምን የሚናገረው ስለ ሆነ በአማርኛም ገብቷል።

3ኛ፤ ቀድሞ መገኘት።

በእንግሊዝኛ ጥቅም ወይም ብልጫ «አድቫንቴጅ» ይባላል፤ አስቀድሞ የሚሰጥ ገንዘብም «አድቫንስ» ይባላል። ሁለቱም በፊት መሆንን ከሚያመለክት ከአንድ የፈረንሳይ ቃል የወጡ ናቸው። በአማርኛም «በለጠ» ከሚለው ቃል ብልጫም ብልጠትም ይወጣሉ፤ ብልጫ የሚያስመሰግን፥ ብልጠት ግን ብዙ ጊዜ የሚያሳማ ነው። እንግዲህ አስቀድሞ ገንዘብ በተሰጠ ጊዜ በፊት የሆነው ሰጪው ነው ወይስ ተቀባዩ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

4ኛ፤ ነገሩ በቡና አገር።

ቡና የሚለቀመው ከመስከረም አንሥቶ እስከ ታኅሣሥ ነው። በክረምት ግን የገበሬው እጅ ባዶ ይሆናል፤ ልጅ ይታመማል፥ እህልም ይወደዳል። በዚህ ጊዜ ገንዘብ የሚሰጠው ሰው «ልርዳህ» ይላል።

ለሒሳብ ትምህርት እንዲህ እንበል። አንድ ነጋዴ በሰኔ 2,000 ብር ሰጥቶ በኅዳር 100 ኪሎ ጀንፈል ለመረከብ ቢዋዋል፥ በኅዳርም የጀንፈል ዋጋ በኪሎ 50 ብር ቢሆን፥ ገበሬው የሚያስረክበው 5,000 ብር የሚያወጣ ቡና ነው። ስለ 5 ወር ጊዜ 3,000 ብር ከፈለ ማለት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በብድር ላይ በዓመት ከመቶ 12 የሚበልጥ ወለድ መዋዋልን ይከለክላል፤ በዚህ ልክ የ2,000 ብር ወለድ በ5 ወር 100 ብር ብቻ ነው። ነገሩ ብድር መባሉ ቀርቶ የቡና ሽያጭ ስለሚባል ወለዱ አይታይም። ስም ነገርን እንደሚሸፍን ከዚህ ተረዱ።

ይህን ስንል ነጋዴ ሁሉ ክፉ ነው ማለታችን አይደለም። በችግር ቀን ያበደረ፥ ልኩንም የተቀበለ ሰው በእውነት ረድቷል። ገበሬዎችም በኅብረት ሥራ ማኅበር ሆነው ቡናቸውን በአንድነት ሲሸጡ ከትርፉ ይካፈላሉ፤ ይህም ወንፈልን ይመስላል።

የቡና ችግኝ ያለ ጥላ ፀሐይ ይጎዳዋል፤ ስለዚህ ዋንዛና ሰሳ ያጠሉለታል። ጥላው ከመጠን በላይ በበዛ ጊዜ ግን ፍሬው ያንሳል፤ ባለ እርሻውም ቅርንጫፉን ይቆርጣል። እርዳታም ተረጂው በራሱ እንዲያፈራ በልኩ ሊሆን ይገባዋል።

ጥያቄ።

1. ደቦና ወንፈል በምን ይለያያሉ?
2. «ጊቭ ሚ ኤ ሃንድ» የሚለውን «እጅህን ስጠኝ» ብሎ መተርጐም ስለ ምን ስሕተት ይሆናል?
3. አንድ ሰው በሐምሌ 3,000 ብር ተቀብሎ በኅዳር 120 ኪሎ ጀንፈል ቢያስረክብ፥ ዋጋውም በኪሎ 45 ብር ቢሆን፥ በብሩ ላይ ስንት ጨመረ? በሕጉ ልክ የ4 ወር ወለድ ቢከፍል ኖሮ ስንት ይሆን ነበር?
4. በመንደራችሁ እርዳታ ተብሎ የሚጠራውን ነገር ጻፉ፤ ስጦታ፥ ብድር ወይም ሽያጭ መሆኑንም ለዩ።