ካሎሪ ሁሉ እኩል ነውን?

ትእዛዝ፡- ምንባቡን ከማንበባችሁ በፊት በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ በክፍል ውስጥ ተወያዩ።

1. ክብደቱን ለመቀነስ የሚፈልግ ሰው ጣፋጭ ነገር ፈጽሞ መቅመስ የለበትም ትላላችሁ? ለምን?
2. አንድ ሰሐን የምስር ንፍሮና ጥቂት ብስኩት እኩል ኃይል ቢሰጡ፣ እኩል ያጠግባሉ ማለት ነውን?

ምንባብ

አንዲት እናት ከጤና ጣቢያ ተመለሱ እንበል። የደም ግፊታቸው ከፍ ማለቱን፣ የስኳር በሽታም እንዳያገኛቸው የሚያሠጋ መሆኑን የጤና ባለሙያው ነግሯቸዋል። መድኃኒታቸውን በሥርዓት እንዲወስዱና ክብደታቸውን ጥቂት በጥቂት እንዲቀንሱም መክሯቸዋል። እናቲቱ ምክሩን ሰምተው፣ በማግሥቱ ቆራጥ ውሳኔ ወሰኑ። «ከዛሬ ጀምሮ ስኳርም ሆነ ብስኩት በአፌ አይዞርም» አሉ። ሁለት ሳምንት ቃላቸውን ጠበቁ። በሦስተኛው ሳምንት ግን ጎረቤት ቡና ጠርቷቸው በሄዱ ጊዜ፣ በሰሐን ከቀረበው ብስኩት አንድ አነሡ። አንዱን እንደ ቀመሱም፣ «እንግዲህ አንዴ ተበላሽቷል፤ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም» ብለው ሰሐኑን ጨረሱት። ወደ ቤታቸው ተመልሰውም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ለሆነችው ልጃቸው፣ «ልጄ፣ እኔስ አልቻልኩም፤ ከእንግዲህ ትቼዋለሁ» አሏት።

ልጅቱም ጥቂት አስባ፣ «እማዬ፣ የጎዳዎት የመጀመሪያው ብስኩት ነው ወይስ ከእርሱ በኋላ የመጡት?» ስትል ጠየቀቻቸው።

ይህ ጥያቄ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በትክክል ለመመለስ በቅድሚያ ካሎሪ ምን እንደ ሆነ፣ ከተለያዩ ምግቦች የሚገኘው ካሎሪም በሰውነት ውስጥ አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራ እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

ካሎሪ የኃይል መለኪያ ነው። ሜትር ርዝመትን፣ ኪሎ ግራም ክብደትን እንደሚለካ ሁሉ፣ ካሎሪም ምግብ ለሰውነት የሚሰጠውን ኃይል ይለካል። በምግብ ጥናት አንድ ካሎሪ ሲባል፣ የአንድ ኪሎ ግራም ውኃን ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ ለማድረግ የሚያስፈልገው የሙቀት መጠን ማለት ነው። ትክክለኛው ስሙም ኪሎ ካሎሪ ነው።

ምግብ በሰውነት ውስጥ እንደ ማገዶ እንደሚያገለግል የተረዱት የጥንት ተመራማሪዎች ናቸው። ፈረንሳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ አንቷን ላቯዚዬ ከባልደረባው ከላፕላስ ጋር ሆኖ፣ በ1780ዎቹ ዓመታት እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ አንዲት አይጥ መሰል እንስሳ በበረዶ በተከበበ ዕቃ ውስጥ አስገብቶ የቀለጠውን በረዶ መዘነ። በዚህም የእንስሳ አተነፋፈስ ከዝግተኛ ቃጠሎ ጋር አንድ መሆኑን ገለጸ። ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ አሜሪካዊው ዊልበር አትዋተር ምግቦችን በመሣሪያ እያቃጠለ፣ ሰዎችንም ለዚሁ ጥናት በተሠራ ዝግ ክፍል ውስጥ እያኖረ ባደረገው ምርምር፣ አንድ ግራም ፕሮቲን 4፣ አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት 4፣ አንድ ግራም ስብ ደግሞ 9 ካሎሪ ያህል እንደሚሰጡ አመለከተ። ዛሬም በብስኩት መጠቅለያ ላይ ተጽፎ የምናየው ቁጥር በአብዛኛው በዚሁ ስሌት የተገኘ ነው።

እንግዲህ ነገሩን በኃይል መለኪያነቱ ብቻ ከተመለከትነው፣ አንድ ካሎሪ ከየትም ቢመጣ አንድ ካሎሪ ነው። ሰውነት ከሚያጠፋው የበለጠ ኃይል ካገኘ ትርፉን በስብ መልክ ያከማቻል፤ ያነሰ ካገኘ ደግሞ ካከማቸው ያወጣል። ለዚህ አንድ የታወቀ ምሳሌ አለ። በ2010 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምግብ መምህር የሆነው ማርክ ሃውብ፣ ለአሥር ሳምንታት በአብዛኛው ኬክ፣ ብስኩትና ሌሎች ጣፋጮች እየበላ፣ በቀን የሚያገኘውን ኃይል ግን ከ1,800 ካሎሪ እንዳያልፍ ወሰነ። በዚህም ከክብደቱ 12 ኪሎ ግራም ያህል ቀነሰ። ሆኖም መምህሩ ከጣፋጩ ጋር የቪታሚን እንክብል፣ የፕሮቲን መጠጥና ጥቂት አትክልት ይወስድ ነበር፤ ሌሎች ሰዎችም አርአያውን እንዲከተሉ አልመከረም። የሙከራው ትርጉም፣ ክብደትን የሚወስነው ዋናው ነገር የኃይሉ ጠቅላላ መጠን መሆኑን ማሳየት እንጂ፣ ኬክ ጤና ይሰጣል ማለት አይደለም።

ይሁን እንጂ የሰው አካል ምድጃ አይደለም። ምድጃ እንጨቱን ሁሉ አንድ አድርጎ ያቃጥላል፤ ሰውነታችን ግን ምግብን ያኝካል፣ ያልማል፣ ይመርጣል፣ የማይፈልገውንም ያስወግዳል። ስለዚህ በካሎሪያቸው እኩል የሆኑ ምግቦች ቢያንስ በአራት ነገሮች ይለያያሉ።

አንደኛው ልዩነት ሰውነት ምግቡን ለማላም የሚከፍለው ዋጋ ነው። ከፕሮቲን ከሚገኘው ኃይል ከመቶ ከ20 እስከ 30 የሚሆነው እዚያው ፕሮቲኑን ለማላምና ለመጠቀም ይውላል። ለካርቦሃይድሬት የሚከፈለው ከመቶ ከ5 እስከ 10 ሲሆን፣ ለስብ የሚከፈለው ከመቶ ከ3 አይበልጥም።

ሁለተኛው፣ የበላነው ሁሉ ወደ ደም አይገባም። ለምሳሌ ያልተፈጨ ኦቾሎኒ ስንበላ በጥርስ ያልደቀቀው ክፍል ስቡን በውስጡ እንደ ያዘ ያልፋል። የዚያኑ ኦቾሎኒ ዘይት ብንወስድ ግን ሰውነት አብዛኛውን ይወስደዋል። ስለሆነም በወረቀት ላይ እኩል የሆነው ቁጥር በሆድ ውስጥ እኩል ላይሆን ይችላል።

ሦስተኛው ልዩነት ጥጋብ ነው። አንድ መቶ ግራም የተቀቀለ ምስር 115 ያህል ካሎሪ ይሰጣል። ይህንኑ ያህል ካሎሪ ከተራ ብስኩት ለማግኘት 25 ግራም፣ ማለትም ሦስት ትንንሽ ብስኩት ይበቃል። ምስሩ 9 ግራም ያህል ፕሮቲን፣ ብዙ አሠርና ብዙ ውኃ ስላለው ጨጓራን ሞልቶ ይቆያል። ብስኩቱ ግን ያለው ፕሮቲን 2 ግራም ያህል ብቻ ነው፤ ከሻይ ጋር በሁለት ደቂቃ ያልቃል፤ እጅም ወደ ሰሐኑ ይመለሳል። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ኬቪን ሆልና ባልደረቦቹ 20 ሰዎችን ለአራት ሳምንታት በተቋሙ ውስጥ አኑረው፣ ሁለት ሳምንት በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረ ምግብ፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ ያልተቀነባበረ ምግብ አቀረቡላቸው። የቀረቡት ምግቦች በካሎሪ፣ በስኳር፣ በስብና በአሠር መጠን የተመጣጠኑ ነበሩ፤ ተመጋቢዎቹም የፈለጉትን ያህል እንዲበሉ ተፈቅዶላቸው ነበር። ውጤቱም በተቀነባበረው ምግብ ወቅት በቀን 500 ያህል ካሎሪ ጨምረው መብላታቸውንና 0.9 ኪሎ ግራም ያህል መወፈራቸውን፣ በሌላው ወቅት ደግሞ ያንኑ ያህል መቅጠናቸውን አመለከተ።

አራተኛውና የመጨረሻው ልዩነት ከኃይል ውጭ የሚገኘው ጥቅም ነው። ምስር፣ ጎመን፣ እንቁላልና ወተት ብረት፣ ካልሲየምና ቪታሚኖችን ይሰጣሉ። ስኳር ግን ከኃይል በቀር የሚሰጠው ነገር የለም።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ ካሎሪ በመለኪያነቱ እኩል ሆኖ ሳለ ካሎሪን ተሸክመው የሚመጡት ምግቦች ግን እኩል አለመሆናቸውን ነው። ታዲያ ብስኩት ፈጽሞ መከልከል አለበትን? በዚህ ረገድ የሰውን ጠባይ ማጤን ይገባል። በ1975 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የሥነ ልቡና ጥናት እንዳመለከተው፣ ምግባቸውን ሁልጊዜ የሚከለክሉ ሰዎች አስቀድመው ወፍራም የወተት መጠጥ እንዲጠጡ ሲደረግ፣ ካልጠጡት ይልቅ ብዙ አይስክሬም በልተዋል። «ሕጉ አንዴ ፈርሷል» ብለው ስለሚያስቡ ልጓማቸውን ይለቃሉ። በምሳሌያችን ያሉት እናትም ያደረጉት ይህንኑ ነበር።

ልጅቱ ወረቀትና እርሳስ አምጥታ ከእናቷ ጋር ማስላት ጀመረች። የጤና ባለሙያው የወሰነላቸው በቀን 1,600 ካሎሪ ነው እንበል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ወደ ምግብ ከሚጨመር ስኳር፣ ከማርና ከፍራፍሬ ጭማቂ የሚገኘው ኃይል ከጠቅላላው ከመቶ ከ10 ማነስ አለበት። ይህም ለእርሳቸው ከ160 ካሎሪ፣ ማለትም ከ40 ግራም ስኳር በታች ነው። አንድ ትንሽ ብስኩት 8 ግራም ቢመዝን 36 ያህል ካሎሪ ይሰጣል፤ ሁለቱ 72 ይሆናሉ። በሰሐኑ የነበሩት 12 ብስኩቶች ግን 432 ካሎሪ ናቸው። ቀጥላም የቡናውን ስኳር አሰላች። ለአቦል፣ ለቶናና ለበረካ በየስኒው ሁለት ሁለት የሻይ ማንኪያ ቢጨመር ስድስት ማንኪያ፣ ማለትም 24 ግራም ይሆናል፤ ይህም 96 ካሎሪ ነው።

«እንግዲያስ ስኳሩ ከሁለቱ ብስኩት ይበልጣል ማለት ነዋ!» አሉ እናቲቱ ተገርመው።

«አዎን፣ እማዬ» አለች ልጅቱ። «በወጡ ላይ የሚጨመረው አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይትም 120 ያህል አለው። ቡናውን ያለ ስኳር ከጠጡ፣ ዘይቱንም ከመጠኑ ካላሳለፉ፣ ሁለት ብስኩት ቢበሉ ምንም አይጎድልብዎትም። የጎዳዎት አንዱ ብስኩት አይደለም፤ ‹አንዴ ተበላሽቷል› ያሉት ቃል ነው።»

እናቲቱ ከዚያ ወዲያ ብስኩትን መርገም ተዉ። ከምሳ በኋላ፣ ምስሩንና ጎመኑን ጠግበው፣ ሁለት ብስኩት በትንሽ ሰሐን አውጥተው ጥቅሉን አስረው ያስቀምጡ ጀመር። እያጣጣሙ፣ ሳይቸኩሉና ሳያፍሩ ይበሏቸዋል። አንድ ቀን ከመጠን ቢያልፉም በሚቀጥለው ማዕድ ወደ ልካቸው ይመለሳሉ እንጂ ሁሉንም አይተዉም። ክብደታቸውም ቀስ በቀስ መቀነስ ጀመረ።

በመጨረሻ አንድ ማሳሰቢያ መስጠት ያስፈልጋል። በዕድገት ላይ ያለ ወጣት ያለ ጤና ባለሙያ ምክር ምግቡን መቀነስ የለበትም፤ አጥንቱና አእምሮው ገና በመገንባት ላይ ናቸውና። የስኳር በሽታ ያለበት ሰውም የጣፋጭ መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ይወስን። ከዚህ በቀር ግን ጤናማ አመጋገብ አንድን ምግብ እንደ ጠላት በማሳደድ አይገኝም፤ የሚገኘው ልክን በማወቅ፣ ከወደቁበትም ቶሎ በመነሣት ነው።

መልመጃ አንድ፡- በምንባቡ መሠረት ለሚከተሉት ጥያቄዎች በተሟላ ዐረፍተ ነገር መልስ ስጡ።

1. የማርክ ሃውብ ሙከራ ምን አሳየ? ምንስ አላሳየም?
2. እኩል ካሎሪ ያላቸው ምግቦች የሚለያዩባቸውን አራት ነገሮች ዘርዝሩ።
3. «የሰው አካል ምድጃ አይደለም» የተባለው ለምንድን ነው?
4. ልጅቱ ለእናቷ ጥፋቱን ከብስኩቱ ይልቅ በቃሉ ላይ ያደረገችው ለምንድን ነው? በአሳቧ ትስማማላችሁ?

መልመጃ ሁለት፡- የሚከተሉትን ቃላትና ሐረጎች በምንባቡ ውስጥ ባላቸው ትርጉም መሠረት ፍቱ፤ በእያንዳንዳቸውም አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር ሥሩ።

ሀ. በአፌ አይዞርም
ለ. ቆራጥ
ሐ. ያልማል
መ. ልጓማቸውን ይለቃሉ
ሠ. እያጣጣሙ

መልመጃ ሦስት፡- በቤታችሁ በአንድ ቀን ወደ ሻይና ቡና የሚጨመረውን ስኳር በማንኪያ ቆጥራችሁ በካሎሪ አስሉ፤ አንድ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ይይዛል ብላችሁ ተነሡ። ካገኛችሁት ውጤት በመነሣትም «ልክ ማወቅ» በሚል ርእስ ሦስት አንቀጽ ያለው ድርሰት ጻፉ።