የአካባቢ ሳይንስና ፖሊሲ ጥናት ለሰበካ ጉባኤ ምን ያስተምራል? ከቡሌ ደጋ የተወሰደ ምሳሌ

በኮሌጆችና በዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጠው የአካባቢ ሳይንስና ፖሊሲ ትምህርት የአንድ ሙያ ብቻ አይደለም። አፈሩን የሚመረምረው፣ የውኃውን መንገድ የሚከተለው፣ ዋጋ የሚያሰላው፣ ሕግ የሚያነበውና የሽማግሌ ቃል የሚመዘግበው ባለሙያ ስለ አንድ ጉዳይ በጋራ እንዲመክሩ የሚያደርግ ስልት ነው። ስልቱ ከምሁራን ባልተናነሰ ለሰበካ ጉባኤ እንደሚጠቅም የጌዴኦን ምድር ያየ ይረዳዋል።

እንሰት፣ ቡናና አገር በቀል ዛፍ በአንድ ማሳ ተደጋግፈው የሚያድጉበት የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መሠረት በዞኑ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 700 ያህል ሰው ይኖር ነበር። ይህን ያህል ሕዝብ በተዳፋት ላይ ሰፍሮ ዛፉ እንዴት ሳይጠፋ እንደቆየ የደን ባለሙያ ብቻውን ሊያስረዳ አይችልም። እንሰቱ ቤተሰብን በጥቂት መሬት መመገቡ፣ የቡናው ገቢ፣ በሶንጎ ተሰብስበው የሚዳኙት ሽማግሌዎች ሥልጣን፣ ሁሉም የመልሱ ክፍሎች ናቸው።

ቡሌ ከዲላ በላይ፣ በደጋው ላይ ትገኛለች። ወደ ከፍታው በተወጣ መጠን ቡናው እየቀረ እንሰት፣ ገብስና ቀርከሃ ይበዛሉ። በዚህ ደጋ ያለ አንድ ደብር አጥሩን ለማደስ ገንዘብ ቸግሮት ከቅጽሩ በታች ባለው ተዳፋት ባሕር ዛፍ ሊተክል ወሰነ እንበል። የሒሳብ ሹሙ ሐሳብ ከንቱ አይደለም፤ ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ይደርሳል፣ ተቆርጦም ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ ገዢም አያጣም። ነገር ግን ከተዳፋቱ ግርጌ ምንጭ ቢኖርስ? ዛፉ ብዙ ውኃ ይስባል። ጥላውና ሥሩ ወደ ጎረቤት እንሰት ቢሻገር ጉዳቱን የሚሸከመው ደብሩ አይደለም። በምንጩ የሚጠቀመውም ምእመን ብቻ አይደለም፤ በአካባቢው የሌላ እምነት ተከታዮች ብዙ ናቸው። ውኃው ሲቀንስ ደግሞ ረጅም መንገድ የሚሄዱት እንስራ ተሸካሚ ሴቶችና ልጃገረዶች ናቸው፤ እነርሱ ግን በጉባኤው ወንበር ላይ ብዙ ጊዜ አይታዩም።

እንግዲህ የሒሳብ መዝገቡ ትርፍ ያለው ሥራ በውኃው በኩል ኪሳራ ሊሆን ይችላል። ሕጉም ዝም አላለም። የኢ.ፌ.ዴ.ሪ. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 92 ሕዝብ በቀጥታ በሚነካው የአካባቢ ፕሮጀክት ላይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ድንጋጌው ለመንግሥት ሥራ የተነገረ ቢመስልም፣ ጎረቤትን ሳይጠይቅ የጎረቤትን ምንጭ የሚነካ ደብር ከመንፈሱ ውጭ መሆኑ አይቀርም። ባሕር ዛፍን ፈጽሞ ማውገዝ ግን ተገቢ አይመስለንም፤ ከምንጭና ከእርሻ በራቀ ስፍራ ቢተከል ደብሩን ይጠቅማል። የምንጩን ራስ ለኮሶ፣ ለዝግባና ለቀርከሃ መተው ይሻላል።

ጥናት ለደብር ፍሬ እንደሚያፈራ ከደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ማየት ይቻላል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በዚያ ባሉ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ባደረጉት ምርምር ከብት መግባቱ ለችግኞች ማደግ እንቅፋት መሆኑን አሳይተዋል። መፍትሔው የድንጋይ አጥር ሆነ፤ ድንጋዩም ከገበሬው ማሳ ስለሚለቀም እርሻው ጸዳ። የምርምሩን ውጤት ሥራ ላይ ያዋሉት ካህናቱና ምእመናኑ ናቸው።

ለቡሌ አጥቢያዎች ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሩቅ አይደለም። ተቋሙ በ1996 እ.ኤ.አ. ኮሌጅ ሆኖ የጀመረ ነው። ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፍ ወደ ወረዳው ሲወጡ ሰበካ ጉባኤው መጠይቅ ሞልቶ ከማሰናበት ይልቅ የራሱን ጥያቄ ቢያቀርብላቸው መልካም ነው። ምንጩ በበጋ ስንት እንስራ በስንት ሰዓት ይሞላል? የቅጽሩ ወሰን በይዞታ ማረጋገጫ ላይ በግልጽ ሰፍሯል? ከሠላሳ ዓመት በፊት በተዳፋቱ ላይ ምን ዛፍ ነበር? የመጨረሻውን ከአረጋውያን በቀር የሚመልስ የለምና ቃላቸው በጊዜ ይጻፍ። ጥናቱም ሲያልቅ አንድ ቅጂ በአማርኛ፣ ቢቻል በጌዴኦኛም፣ በደብሩ ጽሕፈት ቤት እንዲቀመጥ አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል።