ውሃ የጎዳው እሬት



ቆቦ ቤታችን ደጃፍ ላይ እናቴ በዘይት ጀሪካን የተከለችው እሬት አለ። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ሲልፈሰፈስ የቆላው ሙቀት አደረቀው ብዬ ጠዋት ማታ አጠጣሁት። ባሰበት። በመጨረሻ ነቅዬ ሳየው ሥሩ ጠቁሮ በስብሷል። ጀሪካኑ ቀዳዳ የለውም፤ የሞላነው የራያ ዋልካ አፈር ደግሞ ውሃ ከያዘ ቶሎ አይለቅም። ተክሉን የጎዳው ጥም አልነበረም፤ ሥሩ አየር አጥቶ ነው።

የበሰበሰውን ሥር በንጹሕ ቢላ ቆረጥኩት። ቁስሉ እንዲደርቅ ሁለት ሦስት ቀን ጥላ ውስጥ አቆየሁት። ጀሪካኑን ከታች በሳሁ፤ የወንዝ አሸዋ ከአፈርና ከጥቂት የተብላላ ፍግ ጋር ቀላቅዬ መልሼ ተከልኩት። ለሳምንት ውሃ አልሰጠሁትም። አሁን የማጠጣው ጣቴን ሰድጄ አፈሩ ደርቆ ሳገኘው ብቻ ነው። ከወር በኋላ ከመሀሉ አዲስ ቅጠል አወጣ፤ አልሐምዱሊላህ።

ኦርኪድ ያላችሁም ይህን አስቡ፤ በየቤቱ የሚያዙት አብዛኞቹ በተፈጥሯቸው ዛፍ ላይ የሚያድጉ ናቸውና የሚስማማቸው አፈር ሳይሆን የዛፍ ቅርፊት ነው።

ሙስሊም ከተከለው ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላ ሶደቃ እንደሚሆንለት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። የተከልነውን ለማዳን ግን ማዘን ብቻ አይበቃም፤ ሥሩን ማየት ያስፈልጋል። ዛሬ ከጁሙዓ ስትመለሱ ደጃችሁ ያለውን ጀሪካን ዘንበል አድርጋችሁ እዩት፤ ቀዳዳ አለው?

ጁሙዓ ሙባረክ!