ፊደል መቁጠርና መረጃ ማንበብ

ፊደል የቆጠረ ሰው ሁሉ አንባቢ ይባላል። ይሁን እንጂ ማስታወቂያ እንደ ተረት አይነበብም። ከተረት አንድ ቃል ቢያመልጠን ታሪኩ ይቀጥላል፤ ከማስታወቂያ አንዲት ቁጥር ብትስተን ግን ጉዳያችን ይበላሻል።

ይህን የተማርኩት ከራሴ ጥፋት ነው። አንዲት ጎረቤታችን በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠሩ እናት ናቸው። አንድ ቀን በእንግሊዝኛ የተጻፈ የምዝገባ ወረቀት አምጥተው «ልጄ፣ እስቲ አንብብልኝ» አሉኝ። ሰዓቱ 9:00 ይላል። እኔም ሳላመዛዝን «ከቀኑ በ9 ሰዓት ነው፣ እትዬ» አልኳቸው። ሲሄዱ ምዝገባው አልቋል፤ የተባለው ለካ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነበር። ተመልሰው አልተቆጡኝም፤ «አንተም እንደ እኔ ፊደል ብቻ ነው የቆጠርከው» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ መረጃ ሳነብ አምስት ነገር እጠይቃለሁ፦ ማን ጻፈው? ለማን? ስለ ምን? መቼና የት? አንባቢውስ ምን ማድረግ አለበት?

ለምሳሌ ሠፈራችንን ለገሃርን እንውሰድ። ስሙ የባቡር ጣቢያ ከሚባልበት የፈረንሳይኛ ቃል «ላ ጋር» የመጣ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በጁን 1917፣ የጣቢያው ሕንፃ የተመረቀው በዲሴምበር 1929 ነው። ችኩል አንባቢ ከሁለቱም 8 ይቀንሳል፤ ይሳሳታልም። የእኛ ዓመት በመስከረም፣ የእነርሱ በጃንዋሪ ስለሚለወጥ፣ ከመስከረም እስከ ዲሴምበር ማለቂያ ልዩነቱ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው 1909፣ ሁለተኛው 1922 ዓ.ም. ይሆናል።

ካነበብን በኋላ ወረቀቱን ዘግተን በራሳችን ቃል እንጻፍ፦ «ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። የጣቢያው ሕንፃ በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ። ስለዚህ ባቡሩ ሕንፃውን ከ12 ዓመት በላይ ቀድሞታል።» ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ከተነበበው አልተቀዳም፤ ሁለቱን አገናዝበን ያገኘነው ነው። በመጨረሻም ወረቀቱን ከፍተን እያንዳንዱን ቁጥር እናመሳክር። እኛም ስንጽፍ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ.፣ ከጠዋቱ ወይም ከምሽቱ ብለን እንለይ።

መልመጃ፦ ለሚመጣው እሑድ ከየሠፈራችሁ አንድ ማስታወቂያ አንብባችሁ፣ ለአምስቱ ጥያቄዎች መልሱን በሦስት ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ አምጡ።

እትዬ ሌላ የምዝገባ ቀን ሲሰጣቸው ወረቀቱን አብረን አነበብነው። ሰዓቱን በጀርባው ላይ በአማርኛ የጻፉት ግን እሳቸው ራሳቸው ናቸው፦ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት»።